የባለቤቴ እግር ጉዳይ ምክር ቤት የገባ ጊዜ

ባለቤቴን በወንበር ተሸክመን ከፎቅ ያወረድናት የመጀመሪያ ቀን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተሸፈነች። ያመማት መስሎኝ የተሸከሟትን ጎረቤቶች ቆም እንዲሉ ለመንኳቸው። አላመማትም ነበር። ደረጃው ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ግድግዳ ተጠግተው መንገድ ሲለቁልን፣ አንዷ ደግሞ አፏን በእጇ ይዛ ስታያት፣ አስከሬን የሆነች ያህል ተሰምቷት ነው። ይህን የነገረችኝ ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። «በሕይወቴ ሳለሁ አወጣችሁኝ እኮ» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የቀበሌ ቤት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣ ወጣልንና እዚሁ ልደታ ቀረን፤ ከሰፈራችን ሳንርቅ በመቅረታችን ደስ ብሎን ስለ ፎቁ ማንም አላሰበም። ያኔ ጉልበታችን ደህና ነበር። እኔ አብነት ውስጥ ወንበርና ሶፋ ስሠራ፣ የተሰበረውን ስጠግን የኖርኩ አናጺ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስጽፍ ቀስ እላለሁ፣ አንዱን ቃል ሁለቴ አነበዋለሁ። ታዲያ ይህን ነገር ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም፤ በዕድሜዬ ከኮራሁባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ስለሆነ በራሴ እጅ ይሁን ብዬ ነው።

ባለቤቴ ስኳር አለባት። ብዙ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ እሷና ስኳሩ፤ እንደ ክፉ ጎረቤት ተቻችለው። ከዕለታት አንድ ቀን ለክርስትና የገዛችው አዲስ ጫማ የእግሯን ጠርዝ ላጣት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ብዙም አይሰማውም፤ እኛ ስናየው ቁስሉ ገብቶ ነበር። የምንታከምበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አጥባ ጠቅልላ ካበቃች በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና በዚህ እግር እንዳትቆም አለችኝ። እያንዳንዱ እርምጃ ቁስሉን መልሶ ይከፍተዋል። አጥንት ከደረሰ ደግሞ የሚቆረጠው ከዚህ ነው ብላ በራሷ እግር ላይ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ባለቤቴ እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ ነው ያሳየችኝ። ባለቤቴ ግን አይታለች።

እንግዲህ ችግሩ ይኸውላችሁ። የስኳር መድኃኒት የሚሰጠው ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ በየወሩ ደግሞ ታካሚዋ ራሷ የጤና ጣቢያው መድኃኒት መስጫ መስኮት ጋ ቀርባ መውሰድ አለባት። አንዱ ክፍል አትራመጂ ይላታል፣ ከዚያው ኮሪደር ማዶ ያለው ክፍል ካልመጣሽ አልሰጥም ይላታል። ሁለቱም ነጭ ጋዋን ለብሰዋል። ካርዷን ይዤ ብቻዬን ሄጄ ለመንኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም፤ አባባ፣ መመሪያ ነው፣ ብሰጥዎት እኔ እጠየቃለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እኔ በሠራሁት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ጎረቤቶች አራት ሆነው አንስተው ያወርዷታል፣ እታች ላዳ ታክሲ ይጠብቃታል። ከታክሲው እስከ መስኮቱ ግን ሰልፍ ነው፣ መቆም ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ወስደናት ስንመለስ ነርሷ ጨርቁን ፈታች፣ አየችው፣ ምንም ሳትናገር መልሳ ጠቀለለችው። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሰሞን የሕንጻው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመረጥናቸው የከተማው ምክር ቤት አባል በወረዳው አዳራሽ ከመራጮች ጋር ይወያያሉ ይላል። እድራችን ተሰበሰበ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየብሎኩ ሲበተን እድሩ አልተበተነም፤ አብነት የቀሩትም፣ ኮንዶሚኒየም የገባነውም አንድ ላይ ነን። ሰብሳቢያችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግር ያውቃሉ። ቀብር ላይ ሲናገሩ ሟቹን የማያውቅ ሰው እንኳ ያለቅሳል። ታዲያ ማን ይናገር ሲባል ክርክርም አልነበረ፣ እሳቸው ይናገሩ ተባለ። እኔ ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ብዬ የባለቤቴን ነገር አነሳሁላቸው። እሳቸውም አዝነው ሰሙኝና፣ ጤና በሚለው ውስጥ ይካተታል፣ አታስብ አሉኝ።

እኛ ዘንድ ወግ አለ። ሽማግሌ በአደባባይ ሲነሳ መርቆ ይጀምራል፣ አመስግኖ ይቀጥላል፣ ቅሬታ ካለ ለስለስ አድርጎ በመጨረሻ ያነሳል። ሌላም አለ። ሰው ወክሎ የቆመ ሰው የገዛ ቤቱን ጉዳይ አያነሳም፤ ካነሳ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም «ሕዝቡ» እያልን ነው የምንናገረው። ወጉ መልካም ነው፤ ብዙ ጸብ አብርዶልናል፣ ብዙ ሠርግ አሳምሮልናል። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ግን ጉድ ሠራን።

ሰብሳቢያችን ተነሡ። አገሩን መረቁ። ተመራጯን መረቁ። ተመራጯ በዕድሜ ታላቋን ልጄን ያህላሉ፤ የወለደቻቸውን እናት ሳይቀር መረቁላቸው። ስለ ኮብልስቶኑ አመሰገኑ፣ ስለ መንገድ መብራቱ አመሰገኑ። ከዚያ በጤናው ዘርፍም አንዳንድ ክፍተቶች መኖራቸው አይካድም፣ መንግሥት በሚያውቀው ያስተካክለዋል ብለን እናምናለን አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ የተነሱት ከሌላ እድር የመጡ ሽማግሌ ደግሞ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንዱ ስለ ውሃ ተናገረ፣ አንዷ ስለ ፍሳሽ፣ አንዱ ስለ ውሻ። ሰዓቱ አለቀ። ተመራጯ ሲጽፉ ቆይተው፣ ስለ ጤና ያነሳችሁት አስተያየት ተይዟል ሲሉ እንደገና አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ስንወጣ ሰው ሁሉ ሰብሳቢያችንን እጃቸውን እየጨበጠ አኮሩን፣ አፍ ይባረክ ይል ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እግሯን ትራስ ላይ እንደሰቀለች ትጠብቀኛለች።

«እህ፣ ምን አሉ?»

«ተይዟል አሉ።»

«ምኑ?»

«የጤናው ጉዳይ።»

«የማን ጤና?»

የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ፣ «ቆመው ሲመርቋት ሴትዮዋ አሜን ከማለት ሌላ ምን ታድርግ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኛች። መቆጣቷ ይሻለኝ ነበር።

ተመራጯ መራጭ የሚቀበሉበት ቀን እንዳለ የሰማሁት ከወረዳው ጥበቃ ነው። ለካ በሩ ክፍት ኖሯል፤ የሚገባበት ሰው ነው ያነሰው። ብቻዬን መሄድ ከበደኝና ሰብሳቢያችንን ይዤ ሄድኩ። ወንበር ላይ ተራ ጠብቀን ገባን። ሰብሳቢያችን እንደ ልማዳቸው ቆመው እጃቸውን ዘረጉና ጀመሩ። ተመራጯ ተነስተው ጎንበስ ብለው ሰሙ፣ አሜን አሉ፣ ካስቀመጡን በኋላ ግን እንዲህ አሉ።

«አባቶቼ፣ ምርቃቱን ተቀብያለሁ። አሁን አንድ ነገር ንገሩኝ። ምን እንዲለወጥ ነው የምትፈልጉት?»

ሰብሳቢያችን ትንሽ አሰቡና፣ የሕዝቡ ጤና እንዲጠበቅ አሉ። ተመራጯ አልሳቁብንም። ወንበራቸውን ወደ እኛ ሳብ አድርገው ሥራቸውን አስረዱን፤ እንደዚያ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እኔ ጤና ጣቢያውን አላዝም፣ መድኃኒትም አልሰጥም አሉ። የምችለው ምክር ቤት ቆሜ መጠየቅ፣ ኃላፊዎቹ መጥተው እንዲመልሱ ማድረግ፣ መመሪያ ካስቸገረም እንዲታይ መግፋት ነው። ይህን ለማድረግ ግን የተቸገረው ማን እንደሆነ፣ የሚያስቸግረው የቱ እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ እንደሚቃለል መያዝ አለብኝ። አለበለዚያ እዚያ ቆሜ የልደታ ሕዝብ ታሟል ነው የምለው፤ ይህንን ደግሞ ሁሉም ስለየሰፈሩ ይላል አሉን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን እንድንመጣ ቀን ሰጡንና እስከ በሩ ሸኙን።

የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይዘን ስንመለስ ሰብሳቢያችን ቆም ብለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ኖሬ፣ ምን ፈለጋችሁ ስባል አጣሁት» አሉ። እንዲህ ማለት ለሳቸው ቀላል አይደለም። እኔም ያው ነኝ አልኳቸው። ሻይ ልጋብዝዎት ስላቸው፣ ሻዩ ይቆይ፣ ባለቤትህ ጋ እንሂድ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ፣ እንግዲያው ተለማመዱ፣ እኔ ተመራጯን እሆናለሁ አለች። መነጽሯን አደረገች፤ እግሯ ትራስ ላይ እንደተሰቀለ ጀርባዋን ቀና አደረገች። ሰብሳቢያችን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

«በቅድሚያ...» ሲሉ፣

«ቅድሚያው አልፏል» አለቻቸው።

«እሺ። በጤናው ዘርፍ አንዳንድ ክፍተቶች...»

«የት ነው ክፍተቱ? በሩ ላይ ነው፣ መስኮቱ ላይ?»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ያናግሩ እንጂ።»

«ሹፌር እየጠበቀኝ ነው አባቴ። ይፍጠኑ።»

ሰብሳቢያችን እየሳቁ ሶፋው ላይ ወደቁ። እኔ ተራዬን ስቆም ደግሞ እኔንም አላስተረፈችኝም። «ሕዝቡ» ስል፣ ሕዝቡ ቤቱ ነው፣ አንተ ምን ሆነህ መጣህ ትለኛለች። እንዲህ ስታስቀን ቆየችና ነገሩ ወደ ቁም ነገር ዞረ። ስለ እኔ ተናገሩ አለች። እግሬን አንሱ፣ ፎቁን አንሱ፣ ወንበሩን አንሱ። ሰብሳቢያችን ሳቃቸው ጠፋ። የእርስዎን ገመና እንዴት አድርገን አደባባይ እናወጣለን፣ እኛ ለእርስዎ ክብር ነው የምንሰጋው አሏት።

«ገመናዬን አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ አይቶታል» አለች። «ምክር ቤት ቢያየው ምን ይጨመርብኛል?»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

እሷ ግን በዚህም አልረካችም። እኔ ተመራጯ ብሆን፣ ለአንዲት ሴትዮ ተብሎ መመሪያ አይነካም እላለሁ አለች። ሌሎችስ የሉም ወይ? እውነት ነው፣ አናውቅም። እድር የሞተውን ነው የሚያውቀው፤ በሽታ ግን ሰው በቤቱ ይደብቃል። ስኳር አለብኝ የሚል ሰው እኛ ሰፈር ጥቂት ነው። በስብሰባ ብንጠይቅ ማንም እጁን አያወጣም ነበር። እሷ ስልኳን አነሳችና አንድ በአንድ ትደውል ጀመር። መጀመሪያ የራሷን እግር ትነግራቸዋለች፤ እሷ ሳትደብቅ ስትነግራቸው እነሱም ይፈታሉ። ከኛ ብሎክ ማዶ ስኳሩ ዓይናቸውን የጋረደባቸው ሰው ተገኙ፤ እሳቸውን መስኮቱ ድረስ ለመምራት ሴት ልጃቸው በየወሩ ከሥራ ትቀራለች። አብነት ደግሞ ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አሮጊት አሉ፤ በሰው ጀርባ ታዝሎ መውጣት አፍረው መድኃኒቱን ጨርሰው ትተውታል። ሌሎችም ነበሩ። ስማችንም ነገራችንም አይነሳ ያሉ ነበሩ፤ እነሱን ተውናቸው። ይነሳ ያሉትን ያዝን።

ነርሷንም ጠየቅናት። እኛ ልንጠይቅ ያሰብነው መድኃኒቱ ለብዙ ወር በአንዴ ይሰጠን ብለን ነበር። ነርሷ እጇን አወዛወዘች። ሳይለካ፣ ሳይታይ ለብዙ ወር መስጠት ሰው ይጎዳል አለች። ይልቅ ቤተሰብ ይውሰድ፣ በሽተኛው ደግሞ ቤቱ ይታይ በሉ፤ በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እኮ አሉ፣ እነሱ ስኳሩንም ግፊቱንም እዚያው ይለካሉ አለችን። እሷን ባንጠይቅ ኖሮ ሄደን የማይሆን ነገር ልንለምን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። በር ላይ ሰብሳቢያችን ክንዴን ያዙና፣ ተናጋሪው አንተ ነህ፣ እግሩ የሚስትህ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለውን ወንበር ለሌላ ሰው የሚለቅ ተናጋሪ ብዙ አላየሁም። ገባሁ። የተናገርኩትን እስከዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ባለቤቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ ቆስሏል፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሐኪም አትራመጂ ብሏታል፤ መድኃኒት የምታገኘው ግን በየወሩ ራሷ ከሄደች ነው። እንደሷ ያሉ ሰፈራችን ውስጥ ሌሎችም አሉ፤ አንዷ መድኃኒቷን ትታለች። የምንጠይቀው መውጣት ለማይችል በሽተኛ ቤተሰቡ እንዲወስድለት፣ እሱንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲያዩት ነው። ይኸው ነው ልጄ።»

ሰብሳቢያችን አጠገቤ አንድ ቃል አልጨመሩበትም፤ ዝም ማለቱ እንዴት እንደከበዳቸው ጣቶቻቸው ከዘራውን ሲጨብጡ አይቼ አውቄያለሁ። ተመራጯ እየጻፉ ነበር። መስኮቱ ላይ መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ አንገላታችኋለች ወይ ብለው ጠየቁን። ኧረ የለም፣ የሚያስቸግረን መመሪያው ነው፣ ልጅቷን አንከስም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከበድ ያለውን ጥያቄ አመጡት። ኃላፊዎቹ የሚሉኝን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ቤተሰብ ነኝ ያለ ሁሉ መድኃኒት ወስዶ ቢሸጥስ፣ በሽተኛው መኖሩን፣ መታመሙን ማን ያረጋግጣል ይሉኛል አሉ።

ይህን አላሰብንበትም ነበር። ሰብሳቢያችን ያኔ ከዘራቸውን አስደግፈው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እድራችን ይመሰክራል። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። እድር ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የሚመሰክርለት? በቁሙም እንመስክርለት።»

ተመራጯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ይህን ይዤ እገባለሁ አሉ። የጥሩ ንግግር ጥቅም ያን ቀን ገባኝ፤ ሰብሳቢያችን ያን ሁሉ ዓመት ያካበቱት የንግግር ችሎታ ለዚያች አንዲት ቅጽበት የተቀመጠ መሰለኝ። በመንገድ ላይ ሻዩን ጋበዝኳቸው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ፤ መጠበቅ ብቻም አይደል። በየመቀበያው ቀን አንዳችን ሄደን ሰላምታ ሰጥተን፣ የት ደረሰ ብለን ጠይቀን እንመለሳለን። አንጨቀጭቅም፣ አንጠፋምም። በዚህ መሃል የባለቤቴ ትንሿ ጣት ጠቆረች። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ጣቷን ቆረጧት። ሐኪሙ ቀሪውን እግር ማዳን የምንችለው እረፍት ካገኘ ብቻ ነው አለን። የዚያን ዕለት ከሆስፒታል ስንመለስ ደረጃው ላይ ፊቷን አልሸፈነችም። እኔ እሸፍነው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የራሴን ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ተመራጯ ስልክ አስደወሉልን፤ ጉዳያችሁ ነገ በምክር ቤቱ ስብሰባ ይነሳል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባልን። የእድሩ ሰው ቤታችን ሞላ። ሶፋው አልበቃ ብሎ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናገረ፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ተመራጯ ተነሱ። በመረጠኝ ሕዝብ መካከል አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ እግሯ የቆሰለ እናት አለች ብለው ጀመሩ። አብነት ያሉትን አሮጊት አነሱ። ቤተሰብ ይውሰድ፣ በሽተኛው ቤቱ ይታይ፣ እድር ይመስክር አሉ። እኛ ያልነውን ነው፣ ከኛ አሳምረው። ባለቤቴ ስክሪኑን እያየች፣ «እኔን ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ የምትናገር ይመስላል። የሚመለከታቸው ኃላፊ መልስ ሲሰጡ «ይታያል» አሉ። ሰብሳቢያችን፣ «ይህቺን ቃል እናውቃታለን» ሲሉ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም፤ በሚቀጥለው የመቀበያ ቀን ሄዳችሁ መቼ ብላችሁ ጠይቁ አለች። ሄድንና ጠየቅን። በሌላውም ጊዜ ጠየቅን።

በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። በመጀመሪያ በኛ ጤና ጣቢያ ይሞከር ተብሎ መጣ። ካርዷንና የእድሩ ማኅተም ያለበትን ምስክር ወረቀት ይዤ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ያቺው ልጅ ነበረች። አየችኝ፣ ወረቀቱን አየች፣ መድኃኒቱን አውጥታ በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። እኔም ደስ ብሎኛል አባባ አለችኝ። እኔ አብነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ዕቃ ሠርቼ አስረክቤያለሁ፤ ሰው ወስዶ ሲቀመጥበት ማየት ደስ ይላል። ያን ላስቲክ ይዤ አራተኛ ፎቅ ስወጣ የተሰማኝ ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ሰው ካየኝ ደክሞት ነው ይለኛል ብዬ ነው እንጂ እያለቀስኩ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየመጣች ስኳሯን ለካች፣ እግሯን አየች። አብነት ያሉት አሮጊት መድኃኒታቸውን ጀመሩ፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ እየደወለች ዋጡት ወይ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም አንቺ ደግሞ መንግሥት ሆንሽብኝ ይሏታል። ወራት አለፉ። ደረጃ ያልረገጠው እግር ከጠርዙ መሰብሰብ ጀመረ፣ ከዚያ ገጠመ። ነርሷ የመጨረሻዋን ጨርቅ ስትፈታ እኔን አየችኝ፤ በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም፣ ድኗል አለችኝ።

ተመራጯ እንደገና ወደ አዳራሹ በመጡ ጊዜ ባለቤቴ እሄዳለሁ አለች። ሐኪሙ የፈቀደላትን ሰፊ ጫማ አደረገች፣ ምርኩዟን ያዘች፣ በየፎቁ እያረፈች በገዛ እግሯ ወረደች። ክንዴን ብሰጣት አልያዘችም። አዳራሹ ውስጥ ዕድል ሲሰጣት ተነሳች፤ ተመራጯ ገና አላወቋትም ነበር። ባለ አራተኛ ፎቋ ሴት እኔ ነኝ ስትላቸው ከመድረኩ ወርደው መጥተው ሳሟት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀችና የመጣችበትን ተናገረች። በእኛ ጤና ጣቢያ ነገሩ ተስተካክሏል፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ግን በሌላ ጤና ጣቢያ ነው የሚታከሙት፣ እነሱ አሁንም በሰው ጀርባ እየታዘሉ ነው። ለነሱም ይድረስ። ይህን ብላ ተቀመጠች። ከኋላችን የነበሩ የሌላ እድር ሰዎች ስንወጣ ከበቧት፤ እንዴት አድርጋችሁ ነው የተናገራችሁት፣ እኛንም አሳዩን አሏት። ቤት ኑና እኔ ተመራጭ እሆንላችኋለሁ አለቻቸው።

ነርሷ በየማታው እግሯን እንድመለከትላት አዝዛኛለች፤ ባለቤቴ ራሷ ጎንበስ ብላ ማየት አትችልም። ያን ቀን ከአዳራሹ እንደተመለስን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩላት፣ በፎጣ አደረቅሁት። መነጽሬን አድርጌ በስልኬ መብራት በጣቶቿ መሃል፣ ተረከዟ ሥር፣ ትንሿ ጣት የነበረችበት ቦታ ላይ ፈለግሁ። ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ ወጥታለችና ልቤ ትንሽ ፈርቷል።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

ደህና አድርጌ አየሁ። ቆዳው ሙሉ ነው፣ መቅላትም የለው፣ እብጠትም የለው። ምንም የለም አልኳት፤ እሷም እግሯን ከጉልበቴ ላይ ሳታነሳ ቴሌቪዥኑን ክፈተው አለችኝ።